የሚያነብ ሰው ዕዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 በዚህች አጭር ጽሑፍ አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ፊደል አለማወቅ በደል ነውን? በደል ከሆነስ የማን ነው? የማያነበው ሰው ወይስ የሚያነበው?

ነገሩን ከቃሉ እንጀምር። በግእዝ «መሃይምን» ማለት ያመነ፣ የታመነ ማለት ነው። «መሃይምናን» ሲባልም እኛው ምእመናን ነን። ይህ የከበረ ቃል ወደ አማርኛ ሲመጣ መጨረሻውን ጣለና «መሃይም» ተባለ፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው መስደቢያም ሆኖ ቀረ። (በቤተ ክህነት ያልተማረውን «ጨዋ» ማለትም አለ፤ እርሱስ ይሻላል።) እኔ ግን ሁለቱ ቃላት የተገናኙት በከንቱ አይመስለኝም። የማያነብ ሰው ወደደም ጠላም አማኝ ነው። ወረቀቱን የሚያነብለትን ሰው ከማመን ሌላ ምን ምርጫ አለው?

ይህን ያወቅሁት በልጅነቴ ነው። ዳዊት እየደገምሁ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ ይዤ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» የምልበት ጊዜ ነበር። ስልክ እንደ ዛሬው አልበዛም። አንዲት እናት ደብዳቤ አውጥተው «እስቲ አንብብልኝ የኔ ልጅ» አሉኝ። ልጃቸው ለሰሊጥ አረማ መተማ ወርዶ ነበር። ደብዳቤው ሰላምታውን ከጨረሰ በኋላ ወባ እንደያዘው፣ መነሣት እንዳቃተው፣ ሰው እንዲላክለት ይናገራል። እናትየው ሰላምታውን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ እንጀራም ሊያወጡልኝ ተነሡ። እኔ ፈራሁ። ቀሪውን «ደኅና ነኝ፣ አታስቡ ይላል» ብዬ አጠፍሁት። እንጀራውንም በላሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ቄስ አገኙና ደግመው አስነበቡት። ሰው ተላከ፤ ልጁ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት መጣ። ባይመጣስ? ከዚያ ወዲህ ወደ ቤታቸው ስደርስ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጅ ነህ፣ ንባቡ ገና አልገባህም፤ አይዞህ።» አንብቤ እንደዋሸሁ አልጠረጠሩም፤ እኔም አላረምኋቸውም። ባለማወቅ የተጠራጠሩት እኔን ነበር፤ እኔም አለማወቅን መደበቂያ አደረግሁት።

ታዲያ ስለ ፊደል ስናስብ ብዙ ጊዜ የማያነበው ሰው ስለሚጎድለው ነገር ብቻ እናስባለን። የሚያነበው ሰው ምን ዓይነት ሥልጣን እንደተሰጠው አናስብም። ከየጁቤ እስከ ብቸና፣ ከብቸና እስከ ሞጣ ያለ ገበሬ የመሬት ይዞታ ደብተር አለው። የባልም የሚስትም ስም በአንድነት ይጻፍበታል፤ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን አንዲት ባል የሞተባት ጎረቤቴ መሬቷን ለሦስት ዓመት አከራየሁ ብላ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ወረቀቱ አሥር ዓመት ይላል። ምስክሮቹም የፈረሙት እንደ እርሷ በጣታቸው ነው። ዛሬ ደግሞ ገንዘብ በስልክ ይላካል፤ እርሷ የምስጢር ቁጥሯን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታዋለች። ጥሩ ልጅ ነው ትላለች። ጥሩ ልጅ ይሁን እንጂ! እኔም ጥሩ ልጅ ነበርሁ።

እምነት በነፃ ፈቃድ የሚሆን ነገር ነው። ጌታችን ማንንም አስገድዶ አላሳመነም። ሌላ መንገድ ስለሌለው ብቻ የሚያምን ሰው በሰው እጅ የተያዘ ሰው ነው። አንድ መንደር በሙሉ እንዲህ ሲሆን ደግሞ ወሬ እንደ ሕግ ይሆናል፤ ክሱ፣ ውሉ፣ የመድኃኒቱ አወሳሰድ ሁሉ በሁለት ሦስት ሰዎች አፍ ያድራል።

በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ማንበብ የሚችሉት ከመቶ 42፣ ከወንዶቹ ከመቶ 69 ናቸው ይላል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተምሮ ብዙ ሺህ ገበሬ ፊደል ቆጥሮበት ነበር። ግን ከዚያ በኋላ የሚያነበው ነገር ያላገኘው ብዙ ሰው ተመልሶ ረሳው። የማያርሱበት ማረሻ ይዝጋል።

እኛስ? ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ኤልያስን የመሰሉ ጉባኤያት ያሉበት አገር ሰዎች ነን። ፊደሉን በብራና ያቆየች ቤተ ክርስቲያን ናት። ይህን ስናገር ግን ትንሽ ማፈር ይገባናል፤ ከየኔታ እግር ሥር የተቀመጥነው በአብዛኛው ወንዶች ነን፤ ያነበብነውም የማይገባን ግእዝ ነበር። እናቶቻችን ቅጥሩን ጠርገው፣ ለተማሪው ቁራሽ ሰጥተው ሄዱ።

«ሐዋርያትስ ያልተማሩ ሰዎች አልነበሩምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ስለ ጴጥሮስና ዮሐንስ እንዲሁ ተጽፏል (የሐዋ. 4፥13)። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስም ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ነገር ግን የስንቱን ተማሪ ዓይን አበሩ። ከገብር ኄር ቀጥሎ በሚመጣው እሑድ የምናስበው ኒቆዲሞስ ደግሞ መምህር ሆኖ ሳለ አልገባውም ነበር። ስለዚህ ያላነበበ ሁሉ አላዋቂ፣ ያነበበ ሁሉ አዋቂ አይደለም። ይሁን እንጂ ይህን ቃል ማንበብ የምንችል ሰዎች ላለማስተማር ምክንያት ካደረግነው ሌላ በደል ነው።

የሕንደኬን ጃንደረባ እናስታውስ (የሐዋ. 8፥26-39)። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ ንባቡን ያውቃል፣ ምሥጢሩ ግን አልገባውም። ፊልጶስ መጽሐፉን ነጥቆ «እኔ ልንገርህ፣ አንተ ዝም ብለህ እመን» አላለውም። ሮጦ ደረሰ፣ ጠየቀው፣ አብሮት ተቀመጠ፣ ካነበበው ቦታ ጀመረለት። እኔ ያችን እናት እንዲህ አላደረግኋትም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ሕፃናት ያለ ትምህርት ውለዋል። በዘመቻ ያልቆጠሩ አያቶችና በግጭት ያልቆጠሩ የልጅ ልጆች በአንድ ቤት ሊገናኙ ነው። የገብር ኄርን ወንጌል (ማቴ. 25፥14-30) ስንሰማ መክሊቱን የቀበረው ሰው ስለ ገንዘብ ብቻ ይመስለናል። እኔ ፊደሌ ነው የሚመስለኝ።

ያን የልጅነት በደሌን ለንስሐ አባቴ የተናገርሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያች እናት ዐርፈው ነበር፤ ሄጄ እግራቸው ላይ መውደቅ አልቻልሁም። አባቴ የሰጡኝ ቀኖና ስግደትና አንድ ሰው ፊደል ማስቆጠር ነው። ስግደቱን በጊዜው ጨረስሁ። ሁለተኛውን ግን ዛሬ ነገ እያልሁ ዓመት አሳለፍሁ፤ ስግደት ለብቻ ነዋ፣ ማስተማር ግን የሰውን ሰዓት መጠበቅ፣ ሲረሳ አለመቆጣት አለው።

ዘንድሮ በዘወረደ ሰኞ ጀመርን፤ ተማሪዬ መሬቷን በጣቷ ያከራየችው ጎረቤቴ ናት። ከሠርክ ጸሎት በኋላ በደጀ ሰላሙ እንቀመጣለን። «ሀ»ንና «ሐ»ን «ድምፁ አንድ ከሆነ ለምን ሁለት አደረጋችሁት?» ብላ ተከራክራኛለች፤ አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። አሁን ሦስተኛው ሳምንት ነው፤ «ተ» ላይ ደርሰናል። ያን የኪራይ ወረቀት በኪሷ ይዛ ነው የምትመጣው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።