እኩል ሰዓት እኩል ውኃ ነውን?

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። እኛም ዛሬ ነገሩንም ውኃውንም አንድ ላይ ልንመረምር ተነሥተናል። ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ሁለት ጎረቤታሞች ከአንድ ምንጭ አትክልታቸውን ሲያጠጡ ለሁለቱም እኩል ሰዓት ብንሰጣቸው፣ ፍርዳችን ትክክል ይሆናልን?

ጥያቄው የሚነሣበት ወራት አለው። በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር ክረምት መስከረም 25 ቀን ይፈጸምና ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መጸው ይባላል። ከዚህም ውስጥ እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ናቸው። ብዙ ሰው ይህን ወራት የመሰብሰቢያ እንጂ የመትከያ አድርጎ አያየውም። ለጓሮ አትክልት ግን መጸው መልካም ወራት ነው። ፀሐዩ በቂ ነው፤ ጎርፍ መደብ አያጥብም፤ በክረምት እርጥበት የድንችንና የቲማቲምን ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታም አየሩ ሲደርቅ ይቀንሳል። የሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣና ነጭ ሽንኩርት ደኅና ሆነው ይበቅላሉ። በመስከረም በችግኝ መደብ የተዘራ ጥቅል ጎመን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ለመዛወር ይደርሳል።

ለመጸው የሚጎድለው አንድ ነገር ውኃ ነው። በክረምት ዝናቡ ለሁሉም ይዘንባል፤ የትጉሁም የሰነፉም መሬት ይረሰርሳል። ያን ጊዜ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በውኃ የሚጣላበት ምክንያት ስለሌለው፣ ሁላችንም ደጎች እንመስላለን። ዝናቡ ሲያቆም ግን ውኃ መቆጠር ይጀምራል። በደጋና በወይና ደጋ አገር፣ ፀሐይ በሆነ ቀን፣ አንድ ካሬ ሜትር የጎመን መደብ በግምት ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። 1 ሜትር ወርድና 5 ሜትር ርዝመት ያለው መደብ በቀን ከ20 እስከ 25 ሊትር ይጠጣል ማለት ነው። ይህም አንዲት እናት ወይም አንዲት እኅታችን በጀርባዋ አዝላ የምታመጣው አንድ ጀሪካን ነው። ከመጸው ጎመን በስተኋላ የማን ጀርባ እንዳለ ልብ እንበል።

ውኃ በጀርባ ሳይሆን በቦይ በሚመጣበት ገጠርስ? ከምንጭ ወይም ከወንዝ ጠልፈው የሚያጠጡ ገበሬዎች በብዙ ቦታ ተራ የሚያስጠብቅ «የውኃ አባት» ይመርጣሉ። ቦዩ እንዲጠረግ ያደርጋል፤ ተራ የዘለለውን ይገሥጻል፤ ጠብ ሲነሣ ይዳኛል። እንግዲህ ከዚህ ዳኛ ፊት ሁለት ሰዎች እናቁም። የአንዱ አትክልት ከላይ በምንጩ አጠገብ ነው፤ የሌላው ከታች በቦዩ መጨረሻ ነው። ለእያንዳንዳቸው 2 ሰዓት ተሰጣቸው። ፍርዱ ለዓይን እኩል ነው። ይሁን እንጂ ቦዩ የአፈር ነውና እርሱም ይጠጣል። ለላይኛው የተለቀቀው ውኃ ብዙም ሳይጎድል ይደርሰዋል። ለታችኛው የተለቀቀው ግን ግማሽ መንገዱን ደረቅ አፈር ሲያርስ ቆይቶ፣ ጊዜውም ውኃውም ተቀንሶ ይደርሰዋል። ሰዓቱ እኩል ሆነ፤ ውኃው ግን እኩል አልሆነም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ መሬት የቀን ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ ልክ እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርድና በዝቅተኛው ቦታ ይተኛል። ስለዚህ ውርጭ ቀድሞ የሚመታው የታችኛውን አትክልት ነው። በዚያም ላይ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ የቀን ሙቀት ይይዛልና ውኃ ያነሰው መደብ በሌሊትም ይጎዳል። የታችኛው ሰው ውኃ በመጨረሻ፣ ውርጭ በመጀመሪያ ይደርሰዋል። ይህን ያመጣበት ስንፍናው ሳይሆን ቦታው ነው።

የላይኛው ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፦ «እኔ ያለማሁት በላቤ ነው፤ ለምን ከተራዬ ይቀነሳል?» ቃሉ በከፊል እውነት ነው። መቆፈሩ፣ ማረሙ፣ መኮትኮቱ የእርሱ ነው፤ ጎመኑም የእርሱ ነው። ነገር ግን ላብ የጎመኑን ባለቤትነት ይሰጣል እንጂ የምንጩን አይሰጥም። የታችኛውም ሰው ቆፍሯል፤ ላቡም ከላይኛው ላብ አይቀጥንም። ሌላው ደግሞ፣ «እኩል ሰዓት ይሻላል፤ ለአድልዎ በር አይከፍትም» ይላል። ይህም የሚናቅ አሳብ አይደለም፤ ዳኛ እንደ ልቡ የሚለካበት መንደር ሰላም የለውም። ስለዚህ ልኩን ሳንተው የምንለካበትን ቦታ እንለውጥ። የእያንዳንዱ ሰዓት ውኃው ከምንጩ ሲለቀቅ ሳይሆን ከመደቡ ሲደርስ መቆጠር ይጀምር። ይህን ሕፃን እንኳ ቆሞ ሊያየው ይችላል። በመንገድ የጠፋው ውኃ የአንዱ ዕዳ መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ይሆናል። የታችኛው ሰውም ግዴታ አለበት፦ የቦዩን ድርሻ ይጥረግ፣ መደቡን በሣር ይጎዝጉዝ፣ የተሰጠውን ውኃ አያባክን።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህ የገበሬ ጉዳይ ብቻ አይምሰለን። በአንድ ቤት ያሉ ወንድምና እኅት ማታ ለጥናት እኩል 2 ሰዓት ተሰጣቸው እንበል። እርሱ ከጨዋታ መጥቶ ይቀመጣል። እርሷ ጀሪካኑን አዝላ፣ መደቡን አጠጥታ፣ ወጡን አማስላ ትቀመጣለች። መጽሐፉን በገለጠች በጥቂት ደቂቃ ዓይኗ ይከደናል። የእርሷም ሰዓት በመንገድ ተጠጥቷል። በፈተና ውጤቷ ዝቅ ሲል «እኩል ጊዜ ነበራት» የምንል ከሆነ፣ የታችኛውን አትክልት «እኩል ሰዓት ነበረው» ብሎ እንደሚዘልፍ ሰው ሆነናል። የሚጎዳው ደግሞ የአንድ ወራት ጎመን ሳይሆን የአንዲት እኅት ዕድሜ ነው።

በዚህ መጸው የምንሠራው አናጣም። ጎመኑን በሣር እንጎዝጉዝ፤ ሰማይ በጠራ ማታ ችግኙን በጭድ ሸፍነን ጠዋት እንግለጥ፤ ቦይ ካለ ከላይ እስከ ታች አብረን እንጥረግ። ከሁሉ በፊት ግን ወንዶች ልጆች ጀሪካኑን በተራ እንሸከም። ተራውንም ስንቆጥር፣ የተሰጠውን ብቻ ሳይሆን የደረሰውን እንቁጠር።