ጥገናና ሽፋን



በዚች በእጅ ተጽፋ ከእጅ ወደ እጅ በምትዞር ወረቀት ላይ ስለ መኪና ቸርኬ መጻፋችን የሚያስገርመው ሰው ይኖር ይሆናል። «ለራሱ እግር ጫማ ያጣ ሰው ስለ መኪና እግር ምን አገባው?» ቢለን አንቀየመውም። እርግጥ ነው፣ ከመካከላችን መኪና ያለው የለም። ዳሩ ግን የዕቃው ባለቤት ሌላ ቢሆንም፣ ዕቃው በእጃችን ሳለ የሚነሣው የሕሊና ጥያቄ የራሳችን ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ያረጀውንና የተጎዳውን ስናድስ መጠገን የምንለው የቱን ነው? መሸፈንስ የቱን? ሁለቱን የሚለየው ድንበር ከወዴት ይገኛል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎሮም ሠፈራችን ወጣቶች ሦስቱ በአገር ቤት ሳሉ በጋራዥ የሠሩ ናቸው፤ አንዱ ጎሚስታ፣ ሁለተኛው ባትላሜራ፣ ሦስተኛው ቀለም ቀቢ። ከጁባ ከተማ ሥራ ሲገኝ ይዘው እየመጡ ከዛፍ ጥላ ሥር ይሠራሉ። ባለፈው የበጋ ወራት አንድ ባለመኪና አራት የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ከነጎማቸው ሰጥቶ «እንደ አዲስ አድርጉልኝ» አላቸው። ቸርኬዎቹ የአሮጌ መርሴዲስ ነበሩ። ይኸውም ከ1976 እስከ 1986 (እ.ኤ.አ.) ወደ 2.7 ሚሊዮን ያህል የተሠራው፣ ሞዴል 123 እየተባለ የሚጠራው ነው። እኛም ከትምህርት ሰዓት በኋላ የብርጭቆ ወረቀት የሚገፋ ተጨማሪ እጅ ሆነን ገባን። የገንዘብ ድርሻ አልጠየቅንም።

አሮጌ መኪና ማደስ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የመጨረሻዋ ቮልስዋገን ቢትል እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ አገር ተሠርታ ፋብሪካው ሲያቆም፣ በአዲስ አበባ መንገዶች ግን ቮልሶቻችን እየታደሱ መሄዳቸውን አላቆሙም። ሰው ያረጀውን የሚያድሰው አንድም አዲስ መግዣ ስለሌለው፣ አንድም ያረጀውን ስለሚወደው ነው። ሁለቱም የሚያስከብሩ ምክንያቶች ናቸው።

የአሉሚኒየም ቸርኬም የራሱ ታሪክ አለው። ኤቶሬ ቡጋቲ የተባለው መኪና ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1924 በፈረንሳይ አገር በሊዮን በተደረገው ታላቅ ውድድር ላይ ዓይነት 35 የተሰኘችውን መኪናውን ሲያቀርብ፣ ቸርኬዎቿ ከቀለጠ አሉሚኒየም በቅርጽ የወጡ ነበሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቸርኬው በቀለለ መጠን ጎማው የመንገዱን ጉድጓድና ጉብታ ፈጥኖ ይከተላል፤ መኪናውም ለመሪው ይታዘዛል። ውበቱ ከጥቅሙ በኋላ የመጣ ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልን፤ ቸርኬ በመጀመሪያ ጭነት ተሸካሚ ነው፤ ጌጥነቱ ሁለተኛ ነው።

ሥራውን ጀመርን። በመጀመሪያ ሦስቱን ጎማዎች አወለቅን፤ የሚዛን እርሳሶቹን ነቀልን፤ ጭቃውንና የፍሬኑን ትቢያ በሳሙና አጠብን። አሮጌውን ቀለም በኮስቲክ ሶዳ እናስለቅቀው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ኮስቲክ ሶዳ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን አሉሚኒየሙንም ስለሚበላ ተውነው። ስለዚህ በእጅ ገፋን። በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምረን፣ በ240፣ በ400፣ በመጨረሻም በ800 በውሃ እያራስን አለሰለስነው። ከቀለሙ ሥር ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አገኘን። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም፤ አየር ሲነካው ወዲያው ስስ ሽፋን ያበጅና ራሱን ይጠብቃል። ነገር ግን ቀለሙ ተልጦ ጨውና እርጥበት ከሥሩ ሲገቡ፣ ጉዳቱ ከቀለሙ ሥር ውስጥ ለውስጥ እንደ ትል ይሄዳል።

አራት ቀን ሠራን። የሦስቱ ቸርኬዎች ብርማ ፊት ሲወጣ የሠፈሩ ልጆች ተሰብስበው መልካቸውን አዩበት። የተፋፋቀውን ጠርዝ በሞረድ አስተካከልን፤ ጥቂት የተቦደሰውን ቦታ በስቱኮ ሞላን። ይህን ስናደርግ «አታለላችሁ» ያለን ማንም የለም፤ ሕሊናችንም አልወቀሰንም።

ችግሩ የመጣው በአራተኛው ላይ ነው። ጎሚስታው ጎማውን ሲያወልቅ ከውስጡ ከመነዳሪ አገኘ። ይህ ጎማ ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ዓይነት ነው። ታዲያ ለምን ተጨመረበት? ቸርኬው ቀስ እያለ አየር ያስወጣ ስለ ነበረ ነው። የአየሩ መውጣት ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ከመነዳሪው ማስጠንቀቂያውን ዝም አሰኘው። ስንጥቁን በዓይናችን ፈለግነው፤ አጣነው። ያን ጊዜ ቀለም ቀቢው አንድ የቆየ ዘዴ ነገረን፤ ከመቶ ዓመት በፊት የባቡር ጥገና ሠራተኞች ይጠቀሙበት የነበረ ነው። ቸርኬውን ነጭ ጋዝ ቀባነው፤ ጥቂት አቆይተን በጨርቅ አጥርተን ጠረግነው፤ ከዚያም ከክፍላችን ያመጣነውን ጠመኔ ፈጭተን ነሰነስንበት። በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጋዝ ወደ ጠመኔው እየሰረገ ሲወጣ፣ ከአንዱ ክንድ ሥር ተነሥቶ ወደ ጠርዙ የሚሄድ፣ የጣት ያህል ርዝመት ያለው ጠቆር ያለ መስመር ታየን። ይህን ያህል ዓመት ጠመኔ ስንይዝ ሲጽፍ እንጂ የተደበቀ ነገር ሲገልጥ አይተነው አናውቅም ነበር።

«ቢበየድስ?» ተባለ። ተመካከርንበት። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ከመቅለጡ በፊትም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ከዚህም በላይ የዚህ ዓይነት ቸርኬ ጥንካሬውን የሚያገኘው በፋብሪካ በሙቀት አያያዝ ስለ ሆነ፣ የብየዳው እሳት በዙሪያው ያለውን ጥንካሬ ያሳጣዋል። ሌላም ነገር አለ። ብረት ከተወሰነ መጠን በታች የሆነን ጭነት እጅግ ብዙ ጊዜ ቢመላለስበት ይችለዋል። አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ ወሰን የለውም፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ፣ እያንዳንዱ ትንሽ ምት በሒሳቡ ላይ ይመዘገባል። ስንጥቅ ከጀመረም በኋላ በራሱ አይመለስም። ስለሆነም ይህ ቸርኬ በእኛ እጅ የሚጠገን እንዳልሆነ ተስማማን።

ይህንኑ ለባለመኪናው ነገርነው። እርሱም በጁባ ዓረብኛ፣ «ኡስታዝ፣ እኔ እኮ ልነዳው አይደለም፤ ልሸጠው ነው። ስቱኮ ሙሉበት፣ ቀለም ቀቡት፣ አለቀ» አለን። ገዢው ማን እንደሚሆን አናውቅም። ምናልባት ቤተ ሰቡን ጭኖ ከጁባ ወደ ኒሙሌ በሚወስደው 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ ይወጣ ይሆናል። ያ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጠናቀቅ ለአገሪቱ የመጀመሪያው የአስፋልት አውራ ጎዳና ነበር። አስፋልት ደግሞ ያስፈጥናል። መኪና በፍጥነት ላይ ሳለ ቸርኬ ቢሰበር የሚሆነውን መናገር አያሻም።

በዚህ ጊዜ ክርክር ተነሣ። ባትላሜራው፣ «ጋሼ፣ ሦስቱን ስቱኮ ሞልተን ልንቀባ ነው። አራተኛውን ስንሞላ ምን ልዩነት አለው? ቀለም ሁሉ ሽፋን አይደለም እንዴ?» አለን። ጥያቄው ቀላል አይደለም። መሸፈን ሁሉ ሐሰት ነው ብንል ልብስም ሐሰት ሊሆን ነው። የቀረችውን ጉርሻ ለልጇ ሰጥታ «እኔ በልቻለሁ» የምትል እናትም አታላይ ልትባል ነው። ይህን የሚል ሰው በሠፈራችን አይገኝም። በአንጻሩ ደግሞ መሸፈን ሁሉ የተፈቀደ ነው ብንል፣ ላዩ ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ የሆነ ዕቃ ሁሉ ሊሸጥልን፣ እኛም ልንሸጠው ነው።

እኛ የደረስንበት መልስ ይህ ነው። ድንበሩ በሚያምረውና በሚያስጠላው፣ በሚታየውና በማይታየው መካከል አይደለም። ድንበሩ ጭነት በሚሸከመውና በማይሸከመው መካከል ነው። የጠርዝ ጭረት መልክ ያበላሻል እንጂ ማንም ሕይወቱን አያሳርፍበትም፤ ብንሸፍነው የሸፈንነው መልክን ነው። የክንድ ስንጥቅ ግን የሰው ሕይወት ያረፈበት ነው፤ ብንሸፍነው የሸፈንነው አደጋን ነው። እናቲቱም ረሃቧን ስትሸፍን ጭነቱን የምትሸከመው ራሷ ናት። ባለመኪናው ግን ሸፍኖ ጭነቱን ለማያውቀው ሰው ያሸክማል። ስለዚህ ቀለም ከመቅባታችን በፊት ልንጠይቅ የሚገባን፣ «ከዚህ ሥር ያለው ቢሰበር የሚወድቀው ማን ነው?» ብለን ነው።

«እኛ ባንቀባው ሌላ ይቀባዋል» አለ ጎሚስታው። እውነቱን ነው። ባለመኪናው የሦስቱን ዋጋ ግማሹን ብቻ ከፍሎ፣ ቀለማቸው እንኳ ሳይቀባ፣ አራቱንም ይዞ ሄደ። ያ ቸርኬ ዛሬ ተቀብቶ በየትኛው መንገድ እንደሚሽከረከር አናውቅም። ቃላችን የደረሰው እስከ ሻጩ ነው፤ ለገዢው አልደረሰም። ታዲያ ምን አተረፍን? ዓለምን አላዳንንም። ነገር ግን «ሌላ ያደርገዋል» የሚለው ክርክር ከቶ መጨረሻ የለውም፤ ያ ሌላውም ስለ ሌላው እንዲሁ ይላልና። በዚህ አካሄድ ክፉ ሥራ ሁሉ ባለቤት የሌለው ሆኖ ይቀራል። ባለቤት አልባ እንዳይሆን አንድ ሰው በራሱ እጅ ላይ መጀመር አለበት።

ይህን ስንል ግን ራሳችንን አናመስግን። እምቢ ያልነው አራታችን ብንሆንም የተጎዳነው እኩል አይደለም። እኛ በሠፈሩ ትምህርት ቤት የምናገኛት ትንሽ ድጎማ አለችን። ከወጣቶቹ ሁለቱ ሚስትና ልጅ ያላቸው ሲሆኑ፣ ራሽን በተቀነሰበት ወር የጠበቁት ያንን ገንዘብ ነበር። እኛ በነጻ ስንመክር ዋጋውን የከፈሉት እነርሱ ናቸው። ይህ የገባን ከሦስት ቀን በኋላ የቀለም ቀቢው ባለቤት ሰላምታ ስትነፍገን ነው። ሐቅን የሚሰብክ ሰው የሐቅን ዋጋ አብሮ ካልከፈለ ስብከቱ ራሱ ቀለም ነው። ድጎማችንን ዘግይተንም ቢሆን ተካፍለናል። ይህንንም የምንጽፈው ለምስጋና ሳይሆን መዘግየታችን እንዲታወቅ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ እንመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ይኸው ነውና። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን የተማርነው፣ ፈተና ተማሪው የሚያውቀውንና የማያውቀውን መለያ ነው የሚል ነበር። ሥራ ከያዝን በኋላ ግን፣ የወዳቂ ቁጥር እንዳይበዛ ሲባል፣ ማንበብ የማይችሉ ልጆችን ማለፊያ ነጥብ እየሰጠን ወደሚቀጥለው ክፍል አሳልፈናል። ታዘን ነው ብለን ልናመካኝ እንችላለን፤ ቀይ እስክሪብቶውን የያዘው እጅ ግን የእኛ ነበር። አንድ ልጅ ትዝ ይለናል። 4ኛ ክፍል ደርሶ ከራሱ ስም በቀር አንዲት ቃል ማንበብ አይችልም ነበር። 52 ሰጠነው። አባቱ ካርዱን ተቀብሎ በደስታ ትከሻችንን ሳመን። አባትየው በዚያ ካርድ ላይ የቤቱን ተስፋ አሳርፎበት ነበር። ካርዱ ሲሰበር የሚወድቀው ልጁ እንጂ እኛ አልነበርንም። እንግዲህ ባለመኪናውን ስንወቅስ ያን 52 እያስታወስን ነው።

ከዚህ በመነሣት በሠፈራችን ትምህርት ቤት አንድ ነገር ለማድረግ ቆርጠናል። የልጅን ድካም በጓደኞቹ ፊት አንናገርም፤ በክፍል ውስጥ ነጥብ ጮኸን አናነብም። ይህን መሸፈን ማንንም አይጥልም፤ የልጁን ክብር ይጠብቃል። ወላጁ «ልጄ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቀን ግን ስንጥቁ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ልጁንም ለማገዝ በየትኛው ሰዓት እንደምናስጠናው እንነግረዋለን። ልጅ እንደ ቸርኬ አይደለም፤ የእርሱ ስንጥቅ ይድናል። የሚድነው ግን ከታየ ብቻ ነው።

ለማይጠገነው ቸርኬም ቢሆን ዕድል አለው። በመርካቶ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው፣ የተጣለ ብረታ ብረት እንዴት ተቀጥቅጦና ተቆርጦ ሌላ ዕቃ ሆኖ እንደሚወጣ አይቷል። አሉሚኒየምም ቀልጦ ድስት ይሆናል። ለባለመኪናው ይህን ነግረነው ነበር፤ አልሰማንም። ቸርኬነቱ ያበቃ ነገር ድስት ሆኖ ቢያበላ የሚያሳፍረው ምን አለ?

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። እርግጥ ነው። ነገር ግን መኪናው በመንገድ ላይ ሳለ፣ ልጁም 4ኛ ክፍል ሳለ፣ እያደር እስኪጠራ መጠበቅ አይገባንም።

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ ካለ፣ በተለይም «የተራበ ሰው ይህን ሁሉ ለመምረጥ አቅም የለውም» የሚል ካለ፣ ለሚቀጥለው ወረቀት ይጻፍልን። ከሦስቱ ወጣቶች አንዱ እንደሚጽፍ ነግሮናል፤ በጉጉት እንጠብቀዋለን።