ሐኪሙን ወደ ገበያ ያወጣው ማን ነው?

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም።



ሰሞኑን አንድ ዳባት ተወልዶ ያደገ ወጣት፣ እዚህ አዲስ አበባ ቤተል አካባቢ ወደሚኖርበት ቤት ጠርቶኝ ከመግሪብ በኋላ ቡና አብረን ጠጣን። ልጁን የማውቀው በአባቱ ነው። አባቱ በዳባት ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ዙሁር ሲደርስ ከሱቃቸው መጋረጃ ጀርባ መስገጃቸውን የሚያነጥፉ፣ ለልጃቸው ትምህርት ሲሉ የሱቃቸውን ግማሽ ለሌላ ነጋዴ ያከራዩ ሰው ናቸው። ልጁም አላሳፈራቸውም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና ተማረና ዶክተር ተባለ። በሰሜን ተራሮች ሥር ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልም ሁለት ዓመት ሠራ። ዛሬ ግን ሐኪም አይደለም። ሌሊት ሌሊት፣ አሠሪዎቹ ባሉበት አገር ቀን በሚሆንበት ሰዓት፣ ለአንድ የውጭ ድርጅት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይጽፋል። በወር የሚያገኘው ሐኪም ሳለ በዓመት ካገኘው ይበልጣል።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ነበሩ። «ይቅርታ አኺ» ብሎኝ ወደ በረንዳ ወጣና ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። በመስኮቱ በኩል የማየው እጁን ነበር። ሲጠይቅ፣ ሲያዳምጥ፣ እንደገና ሲጠይቅ፣ ጣቶቹን አንድ ሁለት እያለ ሲቆጥር። ፕሮግራመር እንዲህ አይቆጥርም። የሐኪም አቆጣጠር ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህን ጽሑፍ ሳስብ ልጽፍ የነበረው ሌላ ነበር። «ኢልማቸውን በዶላር የሸጡ ወጣቶች» ብዬ ርዕስ እንኳ አውጥቼ ነበር። በየመስጂዱ በር ላይ ይህን የሚሉ አባቶች አሉ፤ እኔም ከነርሱ ጋር ራሴን ስነቀንቅ ከርሜአለሁ። ያን ምሽት በረንዳውን እያየሁ ርዕሱን ተውኩት።

በመጀመሪያ ጥፋቱን ኮምፒዩተር ላይ መጣል ለእኛ ለሙስሊሞች ያሳፍራል። ዛሬ ዓለም «አልጎሪዝም» የሚለው ቃል የመጣው በበግዳድ በኸሊፋ አል-መዕሙን ዘመን ከሠራው ከሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው። እርሱ የአልጀብራን ኪታብ ሲጽፍ ሰዎች በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በንግድና መሬት በመለካት የሚያስፈልጋቸውን ሒሳብ ለማቅለል እንደሆነ በመግቢያው ላይ አስረድቷል። የኪታቡ ሰፊ ክፍልም የውርስና የኑዛዜ ሒሳብ ነው። ባል የሞተባት ሴት ድርሻዋ እንዳይጎድል፣ የቲም እንዳይበደል የተሰላ ሒሳብ ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥርና ፕሮግራም የዱንያ፣ ስቴቶስኮፕ ደግሞ የአኺራ ነው ብሎ መከፋፈል አይቻልም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሬዲዮ ሲፈታና ሲገጥም ያደገና አላህ ለዚሁ ያገራው ወጣት አለ። እርሱ ቦታውን አግኝቷል፤ አላህ ይባርክለት። እኔ የምናገረው ቦታው ሌላ ሆኖ ሳለ እዚያ ስለተገኘው ነው።

በዚህ ጉዳይ ከኢማም አል-ገዛሊ የበለጠ የሚናገር አላገኘሁም። በ505 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1111) ያረፉት እኒህ ታላቅ ዓሊም «ኢህያ ዑሉሙዲን» በተባለው ሥራቸው፣ በመጀመሪያው ክፍል በኪታቡል ዒልም ውስጥ፣ በዘመናቸው የታዘቡትን ነገር ያነሳሉ። ሕክምና ፈርድ ኪፋያ ነው፤ በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ላይ በጋራ የተጣለ ግዴታ ነው። ይሁንና ስንቱ ከተማ ሙስሊም ሐኪም የለውም። በአንጻሩ በፊቅህ፣ በተለይም በክርክርና በሙግት ዘርፍ ተማሪው እየተጋፋ ነው፤ በዚያ በኩል ሥራውን የሚሠራ ሰው ሞልቶ ሳለ። ለምን? አል-ገዛሊ መልሱን አልደበቁም። ሕክምና የወቅፍና የኑዛዜ ኃላፊነት አያሰጥም፤ የየቲም ገንዘብ ጠባቂ አያደርግም፤ የቃዲነት ወንበር ላይ አያስቀምጥም።

አስተውሉ! በዚያ ዘመን ገንዘብና ሹመት የሚያስገኘው «ቴክኖሎጂ» የፊቅህ ሙግት ነበር! እኛ ዛሬ ቅዱስ የምንለው ሙያ ያኔ የገበያ መንገድ ሆኖ ሐኪም አሳጣ። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አል-ገዛሊ የሐኪሙን ሃይማኖት ያነሱት ለሸሪዓ ብይን የሐኪም ምስክርነት ስለሚያስፈልግ ነው። በሰሜን ተራሮች ሥር ግን ሙስሊሟን እናት የሚያዋልዳት ክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኗን የሚያዋልዳት ሙስሊሙ ነው። የሚያሳስበኝ የማናቸውም አለመኖር ነው።) ይህን የጻፉት ሰው ደግሞ በ488 ዓመተ ሂጅራ በበግዳድ ኒዛሚያ የነበራቸውን፣ በዘመኑ ከፍተኛ የሚባለውን የማስተማሪያ ወንበር ጥለው የወጡ መሆናቸውን አንርሳ። ስለ ሌላው ብቻ አልተናገሩም።

ወደ እኛ አገር እንመለስ። በሐምሌ 2016 ሁለት ነገሮች በሳምንት ልዩነት ሆኑ። መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመሆን አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮዲንግ ለማሠልጠን መርሐ ግብሩን ይፋ አደረገ። ሐምሌ 22 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተተወ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። በዶላር የሚከፈለው ወጣት አንድ መስመር ሳይጨምር ደመወዙ በብር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። በብር የሚከፈለው ሐኪም፣ መምህርና ነርስ ደግሞ እዚያው ቆሞ ጤፉ ጥሎት ሄደ። ያለ ምክንያት አይደለም በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጉዳይ ሥራ እስከማቆም የደረሱት። ከዚያ በፊትም በ2015 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሥራ አቁመው ነበር። ታዲያ ወጣቱ የት ይሂድ? ኮምፒዩተሩንም ይዞ ደባርቅ ልቀመጥ ቢል፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ያህል ተቋርጦ እንደነበር አይዘነጋም። አዲስ አበባ የመጣው ሁሉ አዲስ አበባን ወዶ አይደለም።

የወላጆቹም ታሪክ መታየት አለበት። ከጎንደር ተነስቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ሊማሊሞን ወርዶ ወደ አድዋና ምጽዋ የሚዘልቀው የጥንት የሲራራ ንግድ መንገድ በአብዛኛው የሙስሊም ነጋዴዎች መንገድ ነበር። አባቶቻችን ንግዱንና ሽመናውን የያዙት ስለሚወዱት ብቻ አይመስላችሁ። በብዙው የደጋ አገር ሙስሊም ርስት እንዳይዝ ተከልክሎ ስለነበር የቀረለት በር ይኸው ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለሙስሊሙ እኩልነት የተሰለፈው ሕዝብ ይህን ሁሉ በልቡ ይዞ ነበር። መሬቱም በየካቲት 1967 አዋጅ መጣ። እንግዲህ ያ የጨርቅ ነጋዴ ልጁን ሐኪም ሲያደርግ ከገበያ ሌላ በር ተከፈተልን ብሎ ነበር። ልጁ ደግሞ ተመልሶ ገበያ ወጣ። የአባቱ ገበያ ዳባት ነበር፤ የልጁ ገበያ ላፕቶፑ ውስጥ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ 3600 ሜትር ከፍታ ላይ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ለፓርኩ ሲባል በ2008 ከ400 በላይ አባወራዎች ከዚያ ወርደው ደባርቅ ከተማ ሰፈሩ። ገብስና በግ ትተው ለከተማ ኑሮ ሁሉን በገንዘብ የሚገዙ ሆኑ። ፓርኩ በቀጣዩ ዓመት ከዓለም አቀፉ የአደጋ መዝገብ ወጣ፤ አልሃምዱሊላህ፣ ዋሊያውም ይኑር። ከእነዚያ ቤተሰቦች የተወለደ ልጅ ነገ ዶላር የሚያስገኝ ሥራ ቢያገኝ «ኒያህን አስተካክል» የሚለው ሰባኪ አስቀድሞ የወላጆቹን የቤት ኪራይና የበርበሬ ዋጋ ይጠይቅ። ድሃ ወላጅን መጦርም ዒባዳ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ለወጣቱ ምሕረት እየጻፍኩለት አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ባሪያው በቂያማ ቀን ወጣትነቱን በምን እንዳሳለፈ፣ በእውቀቱ ምን እንደሠራበት፣ ገንዘቡን ከየት አምጥቶ የት እንዳዋለው ሳይጠየቅ እግሩ እንደማይንቀሳቀስ አስተምረውናል። የነቢዩላህ ዩሱፍም (ዐ.ሰ.) ታሪክ አለ። የግብጽን ግምጃ ቤት ጠይቀው ሲረከቡ ያቀረቡት ምክንያት ጥቅሙን ሳይሆን ጠባቂነታቸውንና አዋቂነታቸውን ነው። እኔ ለዚህ ወጣት ጥያቄውን አቅርቤለታለሁ። መልሱን እንዲህ ብሎ ነው የጀመረው፦

«ደመወዙ ብቻ ቢሆን እቆይ ነበር። በነሐሴ 2013 መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ እኔ ጎንደር ሆስፒታል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሌት ተቀን ስንሠራ ደመወዝ የሚባል ነገር ትዝ ያለው አልነበረም። ያባረረኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጓንት የሌለበት ቀን፣ ደም የሌለበት ሌሊት፣ ማዳን እየቻልኩ የቆምኩበት። ቤት ስገባ ደግሞ ባለቤቴ የወተት ገንዘብ ትጠይቀኛለች።»

ይህን ሲለኝ ትዝ ያለኝ የሰይዲና አቡበክር (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባረፉ በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ ኸሊፋ ሆነው ከተመረጡ በኋላ፣ እንደ ልማዳቸው ጨርቃቸውን በትከሻቸው አድርገው ወደ ገበያ ወጡ። ነጋዴ ነበሩና። ሰይዲና ዑመርና አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) መንገድ ላይ አገኟቸው። የሙስሊሞችን ጉዳይ ተረክበው ሳለ ገበያ ምን ያደርጋሉ ተባሉ። ቤተሰቤን ከምን አበላለሁ ብለው መለሱ። በዚያን ጊዜ ሶሐቦች ምን አደረጉ? «አቡበክር ዱንያን ወደደ» አላሉም። ስለ ዙህድ ኹጥባ አላደረጉላቸውም። ይዘዋቸው ተመለሱና ከበይተል ማል የዕለት ቀለባቸውንና ልብሳቸውን ቆረጡላቸው።

የእኛ ሐኪም ጨርቁን ተሸክሞ ወደ ገበያ ሲወርድ መንገድ ላይ ያገኘው ማን ነው? መልሱ እኔንም እናንተንም ያሳፍራል። ያገኘው «ማሻአላህ፣ ስንት ይከፍሉሃል?» የሚል ብቻ ነው።

ፈርድ ኪፋያ ማለት የአንድ ጎበዝ ልጅ ዕዳ ማለት አይደለም። የሚበቃ ሰው ከሠራው ከሌላው ይነሳል፤ ማንም ካልሠራው ግን ኃጢአቱ በሚችለው ሁሉ ላይ ይወድቃል። የሚችል ማለት ደግሞ መርፌ መውጋት የሚችል ብቻ አይደለም፤ መክፈል የሚችልም ጭምር ነው። ኑረዲን ዘንኪ በ549 ዓመተ ሂጅራ በደማስቆ፣ ሱልጣን ቀላውን በ683 በካይሮ ያሠሯቸው ቢማሪስታኖች ሐኪሞቻቸውን የከፈሉት በወቅፍ ነበር። የሱቅ ኪራይ፣ የሐማም ገቢ፣ የእርሻ ምርት ለሕሙማን ተሰጥቶ ሐኪሙ ወደ ገበያ ከመሄድ ዳነ። በእኛም አገር እንደዚህ ያለ ነገር አይቻልም የሚል ካለ፣ ከወለድ ነፃ ባንክ አይቻልም ይባልም ነበር። ሙስሊሙ ሼር ገዝቶ ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ጀመረ። ስንፈልገው ገንዘቡ ነበረን ማለት ነው።

የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 የተቋቋመው ጤና መኮንን፣ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ አንድ ቡድን ሆነው ገጠር እንዲወርዱ ተብሎ ነበር። ዳባት ውስጥም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ልደትና ሞትን የሚመዘግብበት የጥናት ማዕከል አቋቁሟል። ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ጠይቀው በምን እንደሞተ ይመዘግባሉ። ይህ ሁሉ ቁጥር ኮምፒዩተርና ሕክምናን ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ለወጣቱ ይህን ሳነሳበት ፈገግ አለ። «እሱን እኮ አስቤዋለሁ» አለኝ። «በሳምንት ሁለት ቀን ለኩባንያው ልሥራ፣ ቀሪውን እዚያው ልሁን ብዬ አስልቼዋለሁ። የሚጎድለው የቤት ኪራይና የልጅ ወጪ ነው። ያን ያህል አይደለም።» ስንት እንደሆነ ነገረኝ። እኔም በልቤ ለአንድ መስጂድ ጀመዓ አካፈልኩት። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ነገር ግን አንዳንዶቻችን በወር ለጫት ከምናወጣው ያንሳል። ከዳባት፣ ከደባርቅና ከጎንደር መጥተን መርካቶ ሱቅ የከፈትን ሰዎች ከሆንን ደግሞ ሒሳቡ ይበልጥ ይቀላል።

ከበረንዳው ሲመለስ ቡናው ቀዝቅዞ ነበር። እናቱ የደወሉት ከጃናሞራ በኩል በቃሬዛ ስለመጣች ሴት ነው። ምጡ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ እዚያው ቤታቸው አሳርፈዋታል። «ልጄ ዶክተር ነው» ብለው ስለሚናገሩ ሰው ሁሉ አስቀድሞ እርሳቸው ቤት ይመጣል። «እስኪነጋ አትጠብቁ፣ አሁኑኑ መኪና ፈልጉና ሆስፒታል አድርሷት አልኳቸው» አለኝ። መኪና ተገኘ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እየፈለጉ ነው አለ። ዒሻን ሰገድን። ከዚያም ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ከላፕቶፑ ጎን አስቀመጠና ሥራውን ጀመረ።