የወጣቱ ጥፋት ተጠያቂው ማን ነው?



በየሰርጉ፣ በየለቅሶውና በየመስጊዱ ደጅ የማይቀር አንድ ወሬ አለ፤ «የዛሬ ልጆች ተበላሹ» የሚል። ወላጅ መምህሩን ይወቅሳል፤ መምህር ወላጁን ይወቅሳል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ተስማምተው ሞባይሉን ይወቅሳሉ። ወሬው ያልቃል፤ ልጁ ግን ከተቀመጠበት ጫት ቤት አልተነሳም። እኔም ከወቃሾቹ አንዱ ነበርኩ። ያስተወኝን ነገር ልንገራችሁ።

የምኖረው በአንኮበር ወረዳ፣ ጎረቤላ ከተማ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆችን ቁርኣን አቀራለሁ። ከደረሶቼ አንዱ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ አንድ ሳምንት ቀረ። ቤተሰቦቹ ሥራ ልከውት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ወሩ ሲያልቅ ስሙን ከመዝገብ ሰረዝኩ። ቆይቶ በአንድ የገበያ ቀን ከትልልቅ ሰዎች መካከል ተቀምጦ ሲቅም አየሁት። ጠርቼ ተቆጣሁት። አንገቱን ደፍቶ ከሰማኝ በኋላ፣ «ኡስታዝ፣ ከጠፋሁ ሦስት ወሬ ነው። የት ገባህ ያለኝ ሰው የለም» አለኝ።

ወደ አባቱ ሄድኩ። «እኔ እኮ ለእርስዎ ሰጥቼ አርፌአለሁ» አሉኝ። የትምህርት ቤት መምህሩን ጠየቅሁ። «ቤተሰቦቹ ወደ ዘመድ የላኩት መስሎኝ ነበር» አለኝ። እኔም አባቱ የያዙት መስሎኝ ነበር። ሦስታችንም ልጁን አንጠላውም፤ ሦስታችንም ግን ሌላው ይጠብቀዋል ብለን ተኛን።

ያን ሌሊት በልጅነቴ የቀራሁት ፊቅህ ትዝ አለኝ። ፈርድ ሁለት ዓይነት ነው። እንደ አምስት ወቅት ሶላት ያለው እያንዳንዱ ሰው ራሱ የሚፈጽመው ፈርዱል ዐይን ነው። እንደ ጀናዛ ሶላት ያለው ደግሞ ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌላው ላይ የሚነሳ ፈርዱል ኪፋያ ነው። እኛ ሳናስተውለው ልጅ መጠበቅን ፈርዱል ኪፋያ አድርገነዋል! በኪፋያም ቢሆን ማንም ሳይፈጽመው ከቀረ ወንጀሉ ችለው ባልሠሩት ሁሉ ላይ ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ስለ ጠባቂነት ሲያስተምሩ አደራውን በጅምላ አልተዉትም። መሪውን ለብቻ፣ አባትን ለብቻ፣ እናትን ለብቻ ጠቅሰው እያንዳንዱ ስለሚጠብቀው እንደሚጠየቅ ነግረውናል።

«ታዲያ የዘመኑ ችግር የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አለ እንጂ! በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን የሰማ የ9ኛ ክፍል ልጅ «ተምሬ የት እደርሳለሁ?» ቢል አይገርምም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ተቋረጠ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሥራ የፈታ ልጅ የሚውልበት አያጣም። ሕጉም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮልና ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል፤ ልጁ ማታ ቤት ስለመግባቱ ግን የሚጠይቀው አዋጁ አይደለም።

ይሁን እንጂ ምክንያትና ተጠያቂነት አንድ አይደሉም። መንገዱን ድጥ ያደረገው ዝናቡ ነው፤ የልጁን እጅ ያልያዘው ግን አባቱ ነው። ከእኛ ቁልቁል ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀች የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ ነበረች። እስቲ አንድ ሲራራ እናስብ። የፊተኛው «ከኋላ ያለው ያያታል»፣ የኋለኛው «ከፊት ያለው ይዟታል» ቢል በመካከል በቅሎዋ ከነጭነቷ ትቀራለች። በበላት ጅብ ማሳበብ ይቻላል፤ ጭነቱ ግን አይመለስም።

ልጁስ ራሱ ነፃ ነውን? አይደለም። ሸሪዐው ወንጀል የማይጽፈው ለአካለ መጠን ባልደረሰው ላይ ነው። ባሊግ የሆነ ልጅ ስለ ሥራው ይጠየቃል፤ ቁርኣንም አንዱ ነፍስ የሌላውን ሸክም እንደማይሸከም ያስተምራል። እናንተ ወጣቶች! «ማንም አልጠየቀኝም» ማለት የጥፋትን መነሻ ይናገራል እንጂ ጥፋቱን አይፍቅም። እኛ ታላላቆች ግን ከእሱ ድርሻ ልንጀምር አይገባም። አንድ ወጣት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ መጥቶ ዝሙት እንዲፈቀድለት በጠየቀ ጊዜ ሰዎች ገሠጹት። እሳቸው ግን ወደ ራሳቸው አስጠጉት፤ ለእናትህ፣ ለልጅህ፣ ለእህትህ ትወደዋለህን እያሉ ጠየቁት፤ እጃቸውን አኑረውበትም ዱዓ አደረጉለት። እኔ ያን ቀን የጀመርኩት በቁጣ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ልጁ ተመልሼ አውፍ አልኩት። ስሙንም መዝገብ ላይ መልሼ ጻፍኩ። ለጥቂት ሳምንታት መጣ፤ ከዚያ እንደገና መቅረት ጀመረ። አሁን ሲቀር በማግሥቱ ቤቱ እሄዳለሁ። አንዳንድ ቀን አብሮኝ ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን አይመጣም። ልቡን መመለስ የአላህ ነው፤ የት ገባህ ብሎ መጠየቅ ግን የእኔ ነው።

ውድ ወላጆች! ዛሬ ማታ መብራት ከማጥፋታችሁ በፊት ልጃችሁ የት እንደዋለ ጠይቁ። መልሱንም ሳትቆጡ አድምጡ። አላህ (ሱ.ወ.) አደራቸውን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።