በስልክ ላይ ስለሚደረግ ቁማር

በካርቱም ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖሩበት በነበረው በዴም ሰፈር፥ በሰው ቤት ሠርተው የሚያድሩ ዐሥራ ሁለት እኅቶች ወርኃዊ ዕቁብ ነበራቸው። ሰብሳቢያቸው ከማኅበራችን አንድ ወጣት ነበረ፤ ጽሕፈትና ሒሳብ የሚያውቅ፥ አንደበቱ የታረመ፥ ሁሉም የሚያምነው። በ2014 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ይህ ወጣት ማታ ወደ ቤታችን መጥቶ የሁለት ወር የዕቁብ ገንዘብ በእጁ እንደሌለ ነገረን። ሌባ አልወሰደበትም፤ ፖከር በሚባለው የካርታ ጨዋታ በስልኩ ላይ ተበልቶ ነው።

ስንገሥጸው የመለሰልንን ቃል እስካሁን አልረሳነውም። «ቄስ፥ ይህ እኮ ቁማር አይደለም፤ የእውቀት ጨዋታ ነው» አለን። በዚያ ሰዓት የምንመልስለት ቃል አጣን። ስለዚህ ነገሩን በዝግታ መመርመር ግድ ሆነብን።

ይህ ክርክር የእርሱ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር በብሩክሊን የነበሩት ዳኛ ጃክ ዋይንስታይን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. ፖከር ከዕድል ይልቅ በብልኀት የሚወሰን ጨዋታ ነው ብለው ፈርደው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ፤ የሻረውም ጨዋታው ብልኀት አይጠይቅም በማለት ሳይሆን፥ ሕጉ በዚህ ረገድ ዕድልንና ብልኀትን አይለይም በማለት ነው። እኛም ብልኀት እንደሚጠይቅ አንክድም። ጨዋታው በተደጋገመ ቍጥር መልካሙም ክፉውም ካርታ ለሁሉም ይዳረሳልና፥ በመጨረሻ የሚበልጠው ዐዋቂው ነው።

ነገር ግን ይህ ክርክር ጨዋታውን ነጻ የሚያወጣ መስሎ ይበልጡን ይከሰዋል። ጨዋታውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ራሱ አይጫወትም፤ ከየመደቡ ጥቂት ጥቂት እየቈረጠ ይወስዳል። የቀረው ገንዘብ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ከመዛወር በቀር በአንዲት ሳንቲም እንኳ አይጨምርም። ጤፍ የሚሸጥ ገበሬ ብሩን፥ የገዛውም ሰው እህሉን ይዞ ሁለቱም ተጠቅመው ይለያያሉ። በካርታው ገበታ ግን የአንዱ እንጀራ የሌላው ጦም ነው። ስለዚህ ብልኁ ተጫዋች የሚኖረው ከእርሱ ያነሰ ሰው ሲያገኝ ብቻ ነው፤ የብልኀቱም ትልቁ ክፍል ደካማውን ለይቶ ማወቅ ነው። ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው ቢያንስ ማን እንደሚከስርለት አይመርጥም።

ምናልባት አንዳንዶች፥ እናንተ ዕቁብ የምትጥሉትስ በዕጣ አይደለምን? ይሉን ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ዕጣ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን የለዩት በዕጣ ነው፤ ወታደሮችም በመስቀሉ ሥር ልብሱን የተካፈሉት በዕጣ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ዕጣው ሳይሆን በዕጣው የሚደረገው ነገር ነው። በዕቁብ ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው። ዛሬ የወጣላት ነገ ትከፍላለች፤ ዛሬ ያልወጣላት ነገ ትቀበላለች፤ በዙሩ ፍጻሜ ሁሉም ያዋጣውን ያህል ይቀበላል። የሱዳን ሴቶችም ሰንዱቅ የሚሉት ይህንኑ የመሰለ ማኅበር አላቸው፤ እኅቶቻችንና የሱዳን ጎረቤቶቻቸው በዚህ ነገር ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። ያ ወጣት እንግዲህ ማንም የማይከስርበትን የዕጣ ገንዘብ ወስዶ፥ አንዱ ሳይከስር ሌላው ወደማያገኝበት ገበታ አቀረበው።

በጥንቱ የካርታ ጨዋታ ተቀማጩ የጓደኛውን ፊት ያይ ነበር። ላቡን፥ የእጁን መንቀጥቀጥ ያያል፤ አንድ ሽማግሌም «ልጄ፥ ይብቃህ፤ ልጆችህ ይጠብቁሃል» ይለዋል። በስልክ ላይ ግን ፊት የለም፤ የሐሰት ስምና ቍጥር ብቻ ነው። ወደ ፊትም ነገሩ ሳይብስ አይቀርም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲና የፌስቡክ ተመራማሪዎች ፕሉሪበስ የሚባል የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠርተው፥ ስድስት ሆኖ በሚጫወቱት ፖከር የታወቁ ባለሙያዎችን አሸነፈ። እንግዲህ በውድቅት ሌሊት በምኝታው ላይ ሆኖ የሚጫወት የቀን ሠራተኛ የቤት ኪራዩን ለሰው ይበላ ለመኪና ምን ያውቃል?

ስለ ሕግ ስንናገር፥ ካርቱም ራሷ ብዙ አስተምራናለች። ቁማር የሚለው ቃላችን ከዐረብኛው ቂማር ጋር አንድ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. የወጣው የሱዳን የወንጀል ሕግም ቁማርን ከልክሎ በግርፋት ይቀጣ ነበር። ከ1997 እስከ 2017 ድረስ በጸናው የአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት ደግሞ ከካርቱም ወደ ውጭ አገር ገንዘብ መክፈል ጭንቅ ነበረ። ይህ ሁሉ ግን ያን ወጣት አላገደውም፤ እጅ በእጅ ገንዘብ ተቀብሎ በስልኩ ላይ የመጫወቻ ሒሳብ የሚሞላለት አንድ ወኪል በሰፈር ውስጥ አገኘ። ክልከላው ያስቀረው ነገር ቢኖር ገንዘቡን የተበላ ሰው ለማንም አቤት እንዳይል ማድረጉ ነው።

በአገራችን መንገዱ ሌላ ነው። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ከብዙ ዘመንም በኋላ የስፖርት ውርርድ በፈቃድ ተስፋፋ፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅም ከ1000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጣለ። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የውርርድ ቤቶች እንዲታሸጉ ታዘዘ፤ ወጣቱም ስልኩን እንደ ያዘ ወደ ቤቱ ሄደ። መንግሥት ከቁማር ድርሻ ሲቀበል፥ ከባለ ዕድሉ ብቻ የተቀበለ ይመስለዋል፤ ባለ ዕድሉ ግን የሚቀበለው ከተበላው ነው። የሚጠብቀው ዘበኛ ከምርኮው የሚካፈል ከሆነ መቼ ጮኾ ይቀሰቅሰናል?

ይህን ብለን ግን ሕግን አንንቅም። ሕግ የሌለበትን ገበያ ዐይተናልና። ፉል ቲልት የተባለው የፖከር ድርጅት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ መንግሥት ሲከሰስ፥ ለተጫዋቾቹ ወደ 390 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ሳለበት በባንክ የነበረው ወደ 60 ሚሊዮን ብቻ እንደ ነበረ ዐቃቤ ሕጉ ገለጠ። የቀረውን ባለቤቶቹ ተካፍለውታል ብሎ ከሰሳቸው። የተጫዋችን ገንዘብ ለብቻው እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ሕግ እንግዲህ ከንቱ አይደለም። በስዊድን ከ2019 ጀምሮ፥ ሱሱን የፈራ ሰው ስሙን በአንድ መዝገብ ቢያስገባ ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ሁሉ በራቸውን ይዘጉበታል። በብሪታንያም ከ2020 ጀምሮ በብድር ካርድ መቆመር ተከልክሏል። እኒህ ጥቂት ነገሮች ናቸው፤ ሆኖም የዚያ ሽማግሌ «ይብቃህ» ማለት በሕግ ተጽፎ የተመለሰ ይመስለናል። እኛ ብንጠየቅ፥ ከግብሩ መቶኛ አስቀድሞ የሚጻፈው ይህ እንዲሆን እንመክራለን።

ወደዚያ ወጣት እንመለስ። እኅቶች በቤታችን ተሰብስበው ሲያለቅሱ፥ በዕድሜ የገፉት እናት «ዕቁብ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዕቁብ የሚይዘውን ሰው ግን ዋስ ጥራ ያለው ማን ነው?» ብለው ወደ እኛ ተመለከቱ። እውነታቸውን ነበር፤ ሰውየውን ያመሰገንነውና ያስመረጥነው እኛ ነን። መዝገቡን ከእርሱ ተቀብለው ለእኒያ እናት ሰጡ፤ እርሱም ከደመወዙ በየወሩ እየከፈለ የሁለቱን ባለ ተራዎች ገንዘብ እንዲመልስ ተስማሙ። ስልኩን ራሱ ወደ ገበያ ወስዶ ሸጠው።

የአንደኛይቱን ከፍሎ ጨርሶ የሁለተኛይቱን እንደ ጀመረ፥ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ማኅበሩም ተበተነ፤ አንዳንዶች በገላባት በኩል ወደ መተማ፥ ሌሎች ወደ ግብፅ ሄዱ። እርሱ ዛሬ በጎንደር የቀን ሥራ ይሠራል፤ የቀረውን ገንዘብ በአንድ ቤተ ዘመዱ ዘንድ አስቀምጦ ያችን እኅት በሚያውቃት ሰው ሁሉ ያስጠይቃል፤ እስካሁን አላገኛትም።