በባዕድ አገር መምህር ስለ መሆን

መምህርነት ታላቅ ክብር እንደ ሆነ ሁሉ ታላቅ ዕዳም ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ መምህር ለመሆን የሚቸኩሉትን ያስጠነቀቀው ፍርዳቸው ከሌላው ሰው ፍርድ የሚጸና ስለ ሆነ ነው። በአገሩና በወገኖቹ መካከል ለሚያስተምረው ይህ ከተባለ፥ ባሕር ተሻግሮ የሰው ልጆችን ሊያስተምር ለሚሄደው ወጣትማ ዕዳው ምን ያህል ይሆን?

የጃፓን መንግሥት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን የፈጸሙ ወጣቶችን ከውጭ አገር እየጠራ፥ በየትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ መምህራን ረዳቶች ያደርጋቸዋል። ወጣቱ ገና እንደ ደረሰ ሕፃናቱ ዝቅ ብለው እጅ እየነሡ «ሴንሴይ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም መምህር ማለት ነው። እርሱ ግን ብዙ ጊዜ በመንገድ ዳር የተጻፈውን እንኳ ማንበብ አይችልም። የተከበረውም ከእናቱ ጡት ጋር በጠባው ቋንቋ እንጂ በድካሙ ባፈራው ዕውቀት አይደለም። ፈተናው በዚህ ነው፤ ሰው በስጦታ ያገኘውን እንደ ራሱ ሙያ ቈጥሮ ይመካልና።

እንግዲህ የሕዝቡን ቋንቋና ልማድ ያላወቀ ሰው ያን ሕዝብ ሊያስተምር ይገባዋልን? መልሱን በዚያው በጃፓን ከኖረ ሰው ሕይወት እናገኘዋለን።

ኒኮላይ ካሳትኪን የተባለው የሩስያ መነኩሴ በዚሁ አቈጣጠር በ1861 ዓ.ም. ሃኮዳቴ ወደብ ሲደርስ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ክርስትና በዚያን ጊዜ ለጃፓናውያን የተከለከለ ስለ ነበረ፥ የተላከው የአገሩን ቆንስላ ሰዎች ለማገልገል ነበር። እርሱም ከመስበኩ አስቀድሞ ተማሪ ሆነ፤ ቋንቋቸውን፥ ታሪካቸውንና የቡድሃን ትምህርት ለብዙ ዓመታት በትጋት አጠና። ከዕለታት አንድ ቀን ሳዋቤ የተባለ የሺንቶ ካህን ሊገድለው ሰይፉን ታጥቆ ገባ። ኒኮላይም፥ ያልሰማኸውን ትምህርት ክፉ ነው ብለህ እንዴት ትፈርዳለህ ሲል ጠየቀው። ሰውየው ሊሰማ ተቀመጠ፤ በ1868 ዓ.ም. ተጠመቀ፥ በኋላም ቅስና ተቀበለ። ኒኮላይ ይህን ለመጠየቅ አፍ ያገኘው፥ እርሱ ራሱ አስቀድሞ የእነርሱን ትምህርት ሳይንቅ ስለ ተማረ ነው።

የባሰው ፈተና የመጣው በ1904 ዓ.ም. ሩስያና ጃፓን ጦርነት በገጠሙ ጊዜ ነው። ኒኮላይ መንጋውን ትቶ አልሄደም። ምእመናኑ ለገዛ ንጉሠ ነገሥታቸውና ለሠራዊታቸው እንዲጸልዩ ፈቀደ፤ እርሱ ግን ሩስያዊ ነውና በዚያ ጸሎት አብሮ አልቆመም። የራሱን አገር አልካደም፤ ልጆቹም አገራቸውን እንዲክዱ አልፈለገም። በ1912 ዓ.ም. ያረፈውም በዚያው በቶኪዮ ነው።

ምናልባት፥ «የዛሬው ወጣት ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ደመወዝ ተቀብሎ ቋንቋ የሚያስተምር እንጂ ሐዋርያ አይደለም» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ሁሉም እንደ መነኩሴው ዕድሜውን ሙሉ ይቀመጥ አንልም። ነገር ግን ሕፃን ከመምህሩ የሚማረው ፊደል ብቻ አይደለም፤ መምህሩ እርሱንና ወላጆቹን እንዴት እንደሚያይም ይማራል። ስለ ወገኖቹ ንቀትን ከተማረ፥ መምህሩ ከሄደ በኋላ ንቀቱ በልቡ ይቀራል። ዓመቱ ቢያጥር ኀላፊነቱ አያጥርም።

ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በልጅነቱ ወደ አክሱም የመጣው ፍሬምናጦስ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ ከመመለሱ በፊት በሕዝቡ መካከል ኖሮአል፥ አገልግሎአልም። አባ ሰላማ ብለን የምንጠራው ያ እንግዳ አባታችን ሆነ። ዛሬም ልጆቻችንና ካህናቶቻችን በባዕድ አገር አሉ። ከመናገራቸው በፊት መስማትን፥ ከማስተማራቸው በፊት መማርን፥ በተከበሩም ጊዜ ትሕትናን እግዚአብሔር ያድላቸው፤ ለእኛም በአገራችን ላለነው እንዲሁ ያድለን። አሜን።