ጠያቂ የሌለው እስረኛ

ለማስተንተን፦ ማቴ. 25፥31-46፤ ዕብ. 13፥3



ከላፍቶ ወይም ከመካኒሳ ተነሥተን በሳር ቤት በኩል ወደ ሜክሲኮ ስንጓዝ የአፍሪካ ኅብረትን ረጅም ሕንፃ እናልፋለን። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ2012 ከመመረቁ በፊት በዚያ ስፍራ «ዓለም በቃኝ» የተባለው ወኅኒ ቤት ነበር፤ የፈረሰውም እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። መነኩሴ «ዓለም በቃኝ» ብሎ በፈቃዱ ይመንናል። እስረኛን ግን ዓለም ራሱ «በቃኸኝ» ይለዋል። ግድግዳው ፈርሷል፤ ይህ ቃል ግን በልባችን ውስጥ ፈርሷልን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሕግ ትምህርቷን በማጠናቀቅ ላይ የነበረች አንዲት የቁምስናችን ልጅ እስረኞችንና ቤተሰቦቻቸውን በሚረዳ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የተግባር ልምምድ ታደርግ ነበር። ሥራዋ ከውጭ ሲታይ ትንሽ ነው። ከድርጅቱ ባልደረቦች ጋር ቃሊቲ እየሄደች ማመልከቻ ትጽፋለች፤ የጠፋ የውሳኔ ግልባጭ ታፈላልጋለች፤ ከዘመድ ለተቆራረጡት ስልክ ትደውላለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ አንድ እስረኛ አጫወተችኝ። ሰውየው ከተፈረደበት ዘመን ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሟል፤ ጠባዩም የተመሰገነ ስለሆነ በወንጀል ሕጋችን መሠረት በአመክሮ ለመፈታት ማመልከት ይችላል። እርሱ ግን ማመልከቻው እንዲጻፍለት አልፈለገም። «ወጥቼስ ወደ ማን እሄዳለሁ?» አላት። በመጠየቂያ ሰዓት ስሙ ከተጠራ ዓመታት አልፈው ነበር።

እኔም «ለመሆኑ ጥፋተኛ ነው ወይስ ያለ በደሉ የታሰረ?» አልኋት። «ጥፋተኛ ነው አባ፤ ራሱም ያምናል። እኔም መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር» አለችኝ። ጥቂት ዝም ብላ «አባ፣ ከእኛ ቁምስና የታሰረ ሰው ይኖር ይሆን?» አለች።

አለ። እናቱ ዘወትር እሑድ በመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ቅዳሴው እንዳበቃ ማንንም ሳያነጋግሩ የሚወጡ ሴት ናቸው። ስለ ልጃቸው አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። ዝምታዬን ጨዋነት አድርጌ ቆጥሬው ነበር፤ ፍርሃት እንደ ነበረ አሁን አውቃለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በቋንቋችን «መጠየቅ» ሁለት ትርጉም አለው። ያላወቁትን ለማወቅ መጠየቅ አለ፤ የታመመውን፣ ያዘነውን፣ የታሰረውን ሄዶ መጠየቅም አለ። እኔ ስለ እስረኛው ጠየቅሁ እንጂ እስረኛውን አልጠየቅሁም። ጌታችን ስለ መጨረሻው ፍርድ ሲያስተምር ራሱን ከታሰረው ጋር አንድ አደረገ። የተራበው ለምን እንደ ተራበ እንዳልመረመረ ሁሉ የታሰረውም ለምን እንደ ታሰረ አልመረመረም። በዚያ ቀን የሚመረመረው የሄደውና ያልሄደው ነው።

ይህ በደልን ማቃለል አይደለም። ለተዘረፈው፣ ለቆሰለው፣ ልጁን ለቀበረው ወንድማችን ፍትሕ ይገባዋል፤ እንባውም በእግዚአብሔር ፊት የተቆጠረ ነው። ነገር ግን ዳኛው የፈረደው ዓመታትን ነው፤ መረሳትን አልጨመረበትም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ያዛል። በአንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረ ሰው ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ ዘመድና ወዳጅ፣ ሐኪምና የሕግ አማካሪ፣ የሃይማኖት አባትም እንዲጠይቁት ይፈቅዳል። ሕጉ መንገዱን ከፍቶልን ሳለ ያልሄድነው እኛ ነን።

ለቤተ ክርስቲያናችን ወኅኒ ቤት ባዕድ ስፍራ አይደለም። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1854 በጎንደር ታስረው ነበር፤ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም በተከታዩ ዓመት በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ዐርፈዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2024 በሮም ሬቢቢያ በሚባለው ወኅኒ ቤት የኢዮቤልዩውን ቅዱስ በር ከፍተዋል። እስረኞች ወደ ቅዱሱ በር መሄድ ስለማይችሉ በሩ ወደ እነርሱ ሄደ።

እኔም ዘግይቼ ከእኚያ እናት ጋር ስንቅ ይዤ ልጃቸውን ልጠይቅ ሄድሁ። ስለ ፍርዱ ያወራኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እናቱ ጥቂት ራቅ ሲሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባ፣ እናቴ ብትሞት እድርተኛው ይወጣላታል?» አለኝ። ወዲያው የምመልስለት ቃል አጣሁ። የታሰረው እርሱ ብቻ አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ያቺ ተማሪ ግን ወደዚያ ሰውዬ መመላለሷን አልተወችም። በሦስተኛው ጊዜ ማመልከቻው እንዲጻፍለት ፈቀደ። ልቡን የመለሰው የሕጉ አንቀጽ አይመስለኝም፤ ስሙን የሚያስጠራ ሰው ማግኘቱ ነው።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ በየምድባችሁ የታሰረ ልጅ ወይም ባል ያለበትን ቤት በጥንቃቄ እወቁ፤ ሐሜት እንዳይሆንም ጠብቁት። ሕግ የተማራችሁ፣ ማመልከቻ መጻፍ ለማይችለው ብዕራችሁን አውሱት። ሱቅ ወይም መሥሪያ ያላችሁ፣ ተፈትቶ ለሚመጣው የአንድ ሰው ቦታ አስቡለት። ሁላችንም በመጪው እሑድ ወደ መጨረሻው አግዳሚ እንመልከት፤ ከቅዳሴ በኋላ «ልጅዎ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቅ።

በጨለማ የተቀመጡትን የሚጎበኝ አምላክ፣ እኛ ሳንጠይቀው የጠየቀን ጌታ፣ ለታሰሩት መጽናናትን፣ ለተበደሉት ፍትሕን፣ ለእኛም የሚሄድ እግር ይስጠን። አሜን።